«ፊልም አለው?»

ታኅሣሥ 12 ቀን 1970

ረቡዕ። የሒሳብ ፈተና... ደህና መሰለኝ። ምሳ ሽሮ፣ ራት ሽሮ። ጾም ነው። መብራት ሁለቴ ጠፋ።

አባዬ ዛሬም በዚያ ሳጥን በሚመስል አሮጌ ካሜራው የዶሮዎቹን ቤት ፎቶ አነሳ። ዶሮዎቹን እንኳ አይደለም፣ ቤታቸውን! «ብርሃኑን አየሽው ውቢት? ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ?» አለኝ። አየሁት። ቆርቆሮ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ አባቴ ወባ ማጥፊያ ነው የሚሠራው እላለሁ። ኮላ ድባ ወርዶ የሰው ጎጆ ዲዲቲ ይረጫል። ይኼ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ረጭቶ ሲጨርስ ባለቤቶቹን ደጃፍ ላይ አሰልፎ «ፈገግ በሉ» ማለቱ ነው። በዲዲቲ ሽታ እያስነጠሱ ምኑን ፈገግ ይበሉ?

አሁን ደግሞ አዲስ ካሜራ አዝዟል። የጃፓን። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ከአዲስ አበባ ሊያመጣለት ነው። እማዬ ቁም ሳጥን ስትል አራት ዓመቷ... ልብሳችን እስካሁን ሻንጣ ውስጥ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችው። ሳቀ። ሲሰድቡት ይስቃል። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ታኅሣሥ 18

መጣ። ካሜራው።

እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው ሳጥኑን የከፈተው። እኔ ስወለድ ታጥቦ ነበር ወይ? እማዬን ልጠይቃት።

ራት ላይ ስለ አንዲት ትንሽ መዞሪያ አስተማረን። ካሜራው አናት ላይ፣ በግራ በኩል ያለች። ፊልም ካለበት፣ ወደሚቀጥለው ፎቶ ሲያሳልፉት እሷም አብራ ትዞራለች። ካልዞረች ባዶ ነው። «ይቺን እያየ የሚሠራ ሰው አይሳሳትም» አለ፣ ጣቱን ቀስሮ። እሺ፣ መምህር።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ከስንት ቀን ጾም በኋላ ዶሮው ቀረበ... «ቆይ! እንዳትነኩት!» ብሎ ወንበር ላይ ወጣ። ወጡ ቀዘቀዘ።

ከዚያ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ግቢያችን ሰብስቦ አነሳን። ጓደኛዬ እንኳየሁ መጣች። ወንድሟ ታከለም መጣ። ስለ ታከለ እዚህ ብዙ አልጽፍም... ኮሌጅ ይማራል፣ ብዙ ያነባል፣ በቃ። አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ታከለ፣ ወደ ውቢት ጠጋ በል እንጂ!» ያውም ጮክ ብሎ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ጥር 4

የእማዬ ታላቅ ወንድም አያ በላቸው ከትክል ድንጋይ መጣ። አባዬ በኅዳር ያነሳውን ፎቶ ሰጠው። አያ በላቸው አየው። ገለበጠውና ከጀርባውም ፈለገ።

«ምነው አስማረ፣ እግሬን የት ጣልኸው?»

«ግማሽ አካል ነው የሚባለው፣ አያ በላቸው።»

«ሙሉ ሰው ቆሜልህ ግማሽ ታደርገኛለህ? አገሬ ይዤው ብገባ ምን ነካው ይሉኛል?»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። አባዬ ግን ከልቡ ይቅርታ ጠየቀ። ግቢ አውጥቶ ከነእግሩ፣ ከነዱላው እንደገና አነሳው። «አሁን ሸጋ» አለ አያ በላቸው።

ጥር 13

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ከከተራ ጀምሮ ሦስት ቀን! ፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ ወጣ፣ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ያውም በአርባ ስድስት ዓመቱ። ካህናቱን፣ ጥላውን፣ ውኃው ውስጥ የሚዘሉትን፣ ሎሚ የሚወረውሩትን... አንድም አልቀረውም። ዛሬ ፎቶ ቤት ወሰደው ሊያሳጥብ። ባለ ፎቶ ቤቱ ከፈተው።

ባዶ!

ፊልም ሳያስገባ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያነሳ የከረመው። መዞሪያዋን አላያትማ! «ይቺን እያየ የሚሠራ ሰው አይሳሳትም» ያለው ሰውዬ!

ራት አልበላም። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔና እማዬ ጓዳ ገብተን አፋችንን ይዘን ሳቅን።

ጥር 17

ለክፍሉ በሙሉ ተናገርኩ። መምህሩ ሳይቀር ሳቀ። አሁን የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ አስማረ፣ ፊልም አለው?» እያሉ ይከተሉታል። ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱም ባርኔጣውን አንሥቶ «ዛሬስ አለው!» ይላቸዋል። አያፍርም እንዴ?

ካሜራውን በያዘ ቁጥር ግን አሁን መዞሪያዋን ያያል። አሳለፈ፣ አየ። አሳለፈ፣ አየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የካቲት 14

ቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ መለሰ፣ የሰፈሩ ወጣት በሙሉ እሁድ ፎቶ ይነሳል አለ። ለመታወቂያ ነው አለ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረና «ጓድ አስማረ አዲስ ካሜራ አለው፤ ለአብዮቱ ያበረክታል!» አለ። አጨበጨብን። ምን እናድርግ?

ፊልሙንም እዚያው ሰጠው፤ ሳጥኑ ላይ የቀበሌው ማኅተም ተመቶበት። እነሱ ማኅተም የማይመቱበት ነገር የለም። «ከተማው ውስጥ ፊልም ጠፍቷል። ያለን ይኼ ብቻ ነው፣ አደራ» አለው።

ስንመለስ እንኳየሁ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ለመታወቂያ አይደለም። ለታሰሩት ልጆች ነው የሚያሳዩት።»

«ለምን?»

«እየገረፉ ይኼን ታውቃለህ ወይ፣ ይቺን ታውቃለህ ወይ ሊሏቸው ነዋ! ታከለን ቢጠቁሙትስ?»

ባለፈው ሳምንት ከታችኛው ሰፈር የተወሰዱትን ሦስት ልጆች የት እንዳሉ እናቶቻቸው እንኳ አያውቁም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። አባዬ ይሰማል። ካሜራውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ለፎቶ የጠዋት ብርሃን ነው የሚሻለው» አለ።

ብርሃን! ሰው ሊያልቅ ነው፣ እሱ ብርሃን! ጠላሁት። ይኸው ጻፍኩት፤ ጠላሁት።

የካቲት 19

እሁድ። ፎቶ ተነሣን። ሠላሳ አንድ ነን። በየተራ፣ ስማችን በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ደረታችን ላይ ይዘን።

አባዬ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ከረባት አሥሮ! «አገጭህን ቀና... ትንሽ ወደ ፀሐይዋ... ጎሽ የኔ ልጅ።» ሰርግ ቤት የተጠራ ነው የሚመስለው። ታከለንማ ሁለቴ አነሳው፣ «ዓይንህን ጨፈንክ» ብሎ። ጓድ መለሰ የአባዬን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ።

ተራዬ ደረሰ። ግራ እጁን አየሁት። ያቺን መዞሪያ በአውራ ጣቱ ጭምቅ አድርጎ ይዟታል። ፈሪ! የገዛ ልጁን አሳልፎ እየሰጠ መዞሪያዋን የሙጥኝ ይላል።

«ፈገግ በይ ውቢት» አለኝ።

ዓይን ዓይኑን አየሁት እንጂ ፈገግ አላልኩም።

የካቲት 20

ባዶ!!!

አሁንም ባዶ! ጠዋት አባዬና አብዮት ጠባቂው ፎቶ ቤት ሄዱ፣ ካሜራው ተከፈተ፣ ምንም የለም። እኔን ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ።

አባዬ የሊቀመንበሩ ቢሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደምቷል።

«ያስገባሁት መስሎኝ ነበር፣ ጓድ መለሰ። ኪሴ ውስጥ ይዤው ወጣሁ... ከዚያ... ወድቆብኝ ይሆናል።»

ጓድ መለሰ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «አንቺ! አባትሽ ሆን ብሎ ነው ያደረገው! አይደለም?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። የሁለት ወር ንዴት አፌ ላይ መጣ።

«ሆን ብሎ? እሱ? ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥምቀትን ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ፊልም ያነሳ ሰው እኮ ነው! ሰፈሩን ይጠይቁ! ኪሱም ቀዳዳ ነው፣ እማዬ ልስፋልህ ስትለው እሺ አይልም። ይኼ ሰውዬ ሆን ብሎ አንድ ነገር መሥራት ቢችል ኖሮ እኛም ቤት ቁም ሳጥን ይኖር ነበር!»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሌላውም ተከተለው። ጓድ መለሰ የአባዬን ኪስ ገልብጦ በቀዳዳው ጣቱን አሾለከ። እሱም ሳቀ። «የአህያ ልጅ!» አለው አባዬን። ሲሰድበው ቀለል አለኝ፤ ቅድም አስተያየቱ የሚገድለው ይመስል ነበር።

አባዬ እኔን እኔን ያያል። ተቀይሞኛል። ይቀየም።

ቤታችን ተፈተሸ። ፊልሙ አልተገኘም። አንዱ አልጋ ሥር ያለውን የዲዲቲ ጣሳ ሊከፍት አነሳና የተሳለበትን የራስ ቅል ሲያይ መልሶ አስቀመጠው። እጁን በሱሪው ጠራረገ።

አባዬ እዚያው ቀበሌ አደረ።

የካቲት 23

ፈቱት። የውስጥ እግሩ አብጧል፣ መርገጥ አይችልም። «በቸልተኝነቴ የሕዝብ ንብረት አጥፍቻለሁ» ብሎ ፈርሟል። ካሜራው ለቀበሌው ተወረሰ።

እማዬ እግሩን በጨው ውኃ እያጠበች አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ማን ረስተህ ሂድ አለው? እሱ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጦ የካሜራውን ባዶ ቦርሳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። እዚህም ደርሶ አልወጣለትም!

የካቲት 26

ቅበላ ነው፤ ነገ ጾም ይገባል። ፊልም ከባሕር ዳር አስመጥተው፣ ባለ ፎቶ ቤቱን ራሱን አምጥተው እንደገና አነሱን።

ሃያ ሁለት ነን። ዘጠኙ የሉም። ታከለ የለም።

«አጎታችን ታሞ ሊጠይቀው አዲ አርቃይ ሄዷል» አለች እንኳየሁ ለጓድ መለሰ፣ ዓይኗን ሳታሽ። አዲ አርቃይ አጎት የላቸውም። ስንወጣ ጆሮዬ ላይ «ማክሰኞ ወጣ። ያ ፊልም ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ማታ ይዘውት ነበር» አለችኝ።

ተመስገን። ታከለ ተረፈ። የአባዬ ሞኝነት ለአንድ ቀን እንኳ ለሰው ጠቀመ። እግዜር በሞኝም ይሠራል ማለት ነው።

መጋቢት 4

ትኋን አላስተኛ አለኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ ላይ ልነሰንስ ብዬ የዲዲቲውን ጣሳ ከፈትኩ። ቤት ማንም አልነበረም። ማንኪያው ዱቄቱ ውስጥ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ።

በላስቲክ የተጠቀለለ። የፊልም ሳጥን። ያልተከፈተ። የቀበሌው ማኅተም አለበት።

ከሥሩ የገና ዕለት ፎቶዎች፣ ከነኔጋቲቫቸው። ታከለ እኔ አጠገብ ቆሞ። እንኳየሁ። ሁላችንም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አውራ ጣቱ... መዞሪያዋ እንደማትዞር ማንም እንዳያይበት ነበር የያዛት። ሠላሳ አንድ ልጅ፣ ከረባት አሥሮ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ» እያለ... ፊልም እንደሌለው እያወቀ። ካሜራውን እንደሚወስዱበት አላወቀም? አውቋል። እንደሚገርፉትስ?

እኔ ደግሞ ፈሪ ብዬ ጻፍኩ። ይኸው እላይ አለ። አልሰርዘውም፣ ይታይ። አፈርኩ። ለእናት ለአባት የሚነገር አይደለም ያፈርኩት።

ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ሲያየኝ ግን... ተቀይሞ አልነበረም? የኔን ምላስ ተማምኖ ነበር? እሱን ልጠይቀው አልችልም። ከጠየቅኩት አወቅኩ ማለት ነው፤ ሁለት ሰው ካወቀው ደግሞ ያልቅልናል። ዝም አይነቅዝም።

ሁሉንም እንደነበረ መለስኩት። ይኼ ደብተርም ከዛሬ ጀምሮ እዚያው ጣሳ ውስጥ ነው የሚያድረው። ዱቄቱን አልነካውም፤ ከትኋኑ ጋር እንላመዳለን።

መጋቢት 9

ቅዳሜ ገበያ ከአባዬ ጋር ምስር ልንገዛ ወጣን። አሁንም ያነክሳል። ልጆቹ «ፊልም አለው?» ብለው ተከተሉን። «ዛሬስ ካሜራውም የለው!» አላቸው ባርኔጣውን አንሥቶ።

እህል ተራው ጋ ጓድ መለሰ ብቅ አለ። የአባዬ ካሜራ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌንሱ በጣት አሻራ ተጨማልቋል። አባዬ አየው፣ ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

«እህ፣ ጓድ አስማረ! ምነው ፊልም አለው ወይ ብለህ አትጠይቀኝም?» ሰው ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ጓድ መለሰ ግን ሳቁን ቀድሞ ጨረሰ። አባዬን ትኩር ብሎ ማየት ጀመረ። «እንዲያው ግን... ያ ፊልም የት ገባ? ሳስበው ሳስበው...»

አባዬ ባርኔጣውን አነሳ፣ መልሶ ደፋ። ከንፈሩ ሲደርቅ አየሁት። ዘው አልኩ።

«ፊልሙን ይተዉት፣ ጓድ ሊቀመንበር! እሱን ያገኘ መቼም የለም! ትናንት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ ሲያስፈትሸን አይደለም የዋለው? እማዬ አልጋ ገልብጣ፣ እኔ አመድ ስቆፍር... ለካ ግንባሩ ላይ! ይኼን ሰውዬ ይዘን እንዴት እንደምንኖር እኛ ነን የምናውቀው!»

ምስር ሻጯ ሆዷን ያዘች። ጓድ መለሰም እያስነጠሰው ሳቀ፣ «እግዜር ይሁናችሁ» ብሎኝ ሄደ። እግዜር አለ፣ ሊቀመንበሩ!

ምስሩን ገዛን። አባዬ ቅርጫቱን በአንድ እጁ ያዘ፣ በሌላው እጄን። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው መጨረሻ የያዘኝ። እስከ ድልድዩ ድረስ እያነከሰ መራኝ። እዚያ ስንደርስ ግራ ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ትንሽ አበዛሽው» አለኝ። «መነጽር መቼ አለኝ?»