የዘመናይን በግ ጉበት ለመረመሩልኝ ኃላፊ

ናዝሬት፣ ግንቦት ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ መርዳሳ፣ የበጎች መኖ ጥናት ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ በቀበሌያችን ሰሌዳ ሥር ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ፤

ከሁሉ በፊት እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ የቀሩ ካሉ በጎቹም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በአሁኑ ጊዜ ስሙ በደብዳቤ ላይ በማይጻፈው ቸርነት ደህና ነኝ።

ባለቤቴ ዘመናይ ስታርፍ አንዲት በግ ከነግልገሏ ትታልኝ ነበር። ግልገሉ የኋላ እግሩን ይጎትት ስለነበር እርስዎ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ የአካባቢያችን ሣር መዳብ እንደሚያንሰው፣ መዳብ ያጣች እናትም እንዲህ ያለ ግልገል እንደምትወልድ በትዕግሥት አስረዱኝ። መዳቡ ከየትኛው መኖ ይበልጥ ወደ በግ ሰውነት እንደሚገባ ለማጥናት እናቲቱን እንዳውስዎ፣ ለዘመናይ ሙት ዓመትም እንደምትመለስ ነገሩኝ። ስለዚህ ክብር እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለአንዱ መንጋ ሰማያዊውን የመዳብ ዱቄት በውሃ፣ ለሌላው በኑግ ፋጉሎ ለውሳችሁ፣ ለሦስተኛው ከብት የሚልሰውን የዝዋይ ቦሌ አፈር ብቻ ሰጣችሁ። የእኔዋ ፋጉሎ ስለደረሳት ደስ አለኝ፤ ትወዳለች። ውጤቱ የሚታየው ጉበቷ ሲወጣ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የአራተኛ ክፍል ትምህርቴ እስከዚያ አላደረሰኝም።

፪ኛ. ጉበቷ ለምርመራ፣ የቀረው ሥጋ ለአዳራሹ ግብዣ መዋሉን፣ ቀኑም ዓርብ እንደነበር የነገሩኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቡዜ ናቸው። አንተ ሰው፣ እንዲህ ተደርገህ እንደ ግንድ ትቀመጣለህ እንዴ ብለው ተቆጡኝ። ጥናት ጾም እንደማያውቅ በእርጋታ ገለጽኩላቸው።

፫ኛ. ከበጎቹ ሁሉ መዳብ አብልጣ የያዘችው የእኔዋ መሆኗን፣ በዚህም ልኮራ እንደሚገባ በሰው አስነግረውኛል። ልኮራ ሞከርኩ። ላለቅስም ሞክሬ ነበር። ሁለቱም እምቢ አሉኝ። ለዘመናይ ያልወጣ እንባ ለበግ ሊወጣ ነው ወይ እያልኩ ራሴን ስመረምር ሰንብቻለሁ፤ የእኔ ጥናት ግን እስካሁን ውጤት የለውም።

የዘመናይ ሙት ዓመት በሽሮ ወጣ። ካህናቱም ሳያጉረመርሙ ጸለዩላት።

ለሳይንስ ካለኝ የማይጎድል አክብሮት ጋር፣
በግ አዋሽዎ ወልደአማኑኤል ዘገዬ

ማሳሰቢያ፦ ለጥናት አይሆንም ብላችሁ የተዋችሁልኝ ግልገል ቦሌ አፈር እየላሰ፣ ሰሞኑን እየወደቀም ቢሆን ይቆማል። መዳቡ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፤ ሳላውቅ እንድኖር እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።