ሰሌዳ ላይ የቀረው ዓረፍተ ነገር

ለውድ አባቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፣ ወገል ጤና።

ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ ሻል አለዎት? ዓይንዎስ ዳዊቱን ያለ መነጽር ያያል? እማዬስ ትንፋሿ ደህና ነው? እኔ በአምላክ ቸርነት፣ በእናንተም ጸሎት ለጤናዬ ደህና ነኝ። ለልቤ ግን እንጃ።

አባቴ፣ ለስምንተኛ ክፍሎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙም የማይሰማ የፈረንጅ አባባል ገጠመን። «አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ አሳረፈ» ይላሉ። በግላጭ ለሚዘርፍ ሳይሆን፣ ሐቀኛ መስሎ በስውር ለሚያጭበረብር ነው፤ ለዳኛም ለፈታኝም ይነገራል። ተማሪው ሁሉ በትክክል ተጠቅሞበት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ አዘዝሁ። የገበሬው የታፈረ ልጅ ደብሪቱ፣ «የማኅበራችን መዛኝ የኮታውን እህል ሲቀበል አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ያሳርፋል» ብላ ጻፈች። አንዲት ፊደል አልሳተችም። ደስ አለኝና የማን እንደሆነ ሳልናገር ሰሌዳው ላይ ገለበጥሁት።

ሞኝነቴ ከዚህ ላይ ነው። እሑድ እሑድ የገበሬ ማኅበሩ በዚያው ክፍል እንደሚሰበሰብ እያወቅሁ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማን ያነበዋል ብዬ ሳላጠፋው ወጣሁ። ለካ አዲሱ ካድሬ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ነው! በጉባኤው ፊት ተረጎመው አሉ። መዛኙ አረጋ ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ወር ከአረጋ ጋር በሚዛን የተከራከረው ደባሱ ለጥያቄ እንደተወሰደ አልተመለሰም። ዛሬ ካድሬው ጠራኝና ሻይ አዘዘልኝ። «ጓድ መምህር፣ ይህን ያለው ተማሪ ማነው? ስሙን ብቻ ንገረን፣ አንተን የሚነካህ የለም» አለኝ። ቢቆጣኝ በወደድሁ። እስከ ነገ ጧት አስብበት ብሎ ሸኘኝ። ስወጣ ታፈረ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «መምህር፣ ያለችኝ ልጅ እሷው ብቻ ናት» አለኝና ሄደ።

አባቴ፣ ፈርቻለሁ። ነገ ግን ከራሴ ያፈለቅሁት ነው እላለሁ። ውሸት ነውና ከአሁኑ ይፍቱኝ።

ይህን የሚያደርስልዎ ጎረቤቴ አለሜ ነው፤ አንብበው ያቃጥሉት። ለእህቴ ለይማርሽ፣ ለልጆቿም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ወንድሜ ምስጋኑ ልጠይቀው ብሎ እንዳይመጣ፣ አደራ። እማዬ ለምን ለፋሲካ ቀረ ስትልዎ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ይበሏት።

ልጅዎ ፈንታው
ላሊበላ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.