የወርቁ አክሲዮንና እህቴ

ጥር 6
ጉልበቴን ሲያመኝ ዋለ። ሠላሳ ዓመት ወርቅ ፍለጋ ድንጋይ ላይ መንበርከክ... ትርፉ ይኸው ነው። ከሰዓት ታላቅ እህቴ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰፊ ቤት ምን ይሠራልኛል ብላ ሸጠችው። ገንዘቡን የት ላድርገው አለችኝ። እኔ የገዛሁትን አክሲዮን ነገርኳት። ከድንበሩ ማዶ ያለውን የወርቅ ማዕድን፣ ድሮ የሠራሁበትን።
«መንግሥታቸውስ? ምርጫ ደርሶባቸዋል ይባላል።»
«መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል። ወርቁ ግን የትም አይሄድም።»
ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነበር መሰለኝ።

ጥር 9
ገዛች። ያላትን ሁሉ። ግማሹን ብቻ አድርጊው ማለት ነበረብኝ... አላልኩም።

የካቲት 21
እዚያ ማዶ አዲሱ ሰውዬ ተመረጠ። «ወርቃችን የእኛ ነው» ይላል። ሁሉም ወንበር ላይ ሲወጣ እንዲህ አይደል የሚለው? ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ግብር ቢጨምር ማዕድኑ ይችለዋል። ፈቃዱን ቢነጥቅስ? ድንጋይ ቢሆን ሰብሬ አየው ነበር። የሰው ሆድ በምን ይሰበራል?

መጋቢት 3
ድሮ አብሮኝ የሠራው ሾፌር ደወለ። አሁንም እዚያው ማዕድኑ ጋ ነው።
«ጋሼ፣ በሩ ላይ ወታደር ቆሟል። መዝገቡን ሁሉ ጭነው ወሰዱት። ነገሩ አላማረኝም።»

መጋቢት 4
የእኔን ሸጥኩ። ጠዋት፣ በደህና ዋጋ።
ከዚያ እህቴ ጋ ደወልኩ። አፌን ሳልከፍት ስለ ልጇ ጀመረች። ኮሌጅ ተቀብሏታል፣ ክፍያው ከአክሲዮኑ ይወጣል... ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። ምን ብዬ ልጀምር? ያቺን ሁሉ ጉራ ነፍቼ? ሰኞ እነግራታለሁ።

መጋቢት 8
ሰኞ። አልደወልኩም። ሾፌሩ ድሮም ፈሪ ነው...

መጋቢት 9
ማዕድኑን መንግሥት ወረሰው። ሬዲዮ ላይ ሰማሁ።

መጋቢት 10
እህቴ መጣች። ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ አቀፈችኝ።
«አይዞህ ወንድሜ። አንተም እንደኔው ተቃጠልክ። ጤናህን ብቻ ጠብቅ።»
መሸጤን አልነገርኳት።
ይዛ የመጣችውን ምሳ አቀረበችልኝ። በላሁ። እንዴት ዋጥኩት?

መጋቢት 24
ዛሬ ለጎረቤቷ ስትነግር ሰማኋት። «የእኔስ ይሁን፣ የሚያሳዝነኝ ወንድሜ ነው።» አልቻልኩም። የሸጥኩበትን ደረሰኝ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። መነጽሯን አድርጋ ቀኑን አየች።
«ያን ቀን እኮ ደውለህልኝ ነበር» አለች።
መነጽሯን አውልቃ ደረሰኙን መለሰችልኝ።

ሚያዝያ 12
የሸጥኩበትን ገንዘብ ግማሽ በፖስታ ይዤ ሄድኩ። አሁን አንድ ክፍል ተከራይታለች። ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ሥራ ይዛለች፣ ኮሌጁ ቀርቷል። እህቴ ወንበር ሳበችልኝ።
«ይቀመጡ።»
የቀለደች መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሷ አልሳቀችም። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ...
ፖስታውን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።
«እርስዎ ይያዙት። ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድመው የሚሰሙት እርስዎ ነዎት።»