በአንድ ቁጥር ስህተት ያየሁት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የደም ምርመራ ውጤቴን ዛሬ ገና ከፈትኩ። ላቦራቶሪው የድረገጹን አድራሻ በስልክ መልእክት ከላከ ሦስት ቀኑ። መጨረሻው ላይ የኔ ቁጥር አለ፣ 617። የስልኬ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ እዚሁ ማተሚያ ቤት፣ በሥራ ኮምፒውተሬ በእጄ ጻፍኩት። በሰባት ፈንታ ስምንት ነክቻለሁ። ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩት ሴትዮ!

የተከፈተው የጋሼ ውጤት ነው። የታላቅ ወንድሜ። ያን ቀን አብረን ሄደን ከኔ ቀጥሎ እሱ ነበር ደም የሰጠው። ትናንት ቤቱ ስለ ውጤቱ ስንጠይቀው "እንደ ብረት ነህ አሉኝ" ብሎ ሚስቱንም እኔንም አሳቀን።

ኩላሊት በሚለው ረድፍ ቁጥሩ ቀይ ነው። ከሥሩ "በአስቸኳይ ሐኪም ያማክሩ" ይላል።

ዘጋሁት። ግን አንብቤዋለሁ... አሁን ምን ይደረጋል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ላቦራቶሪው ጋ ደወልኩ። ቁጥር ተሳስቼ የሌላ ሰው ውጤት ተከፈተብኝ አልኳት፣ ስልኩን ያነሳችውን።

"የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ።"

"የይለፍ ቃል የለውም እኮ! ችግሩ እሱ ነው።"

"እንግዲያው የሚቀየር ነገር የለም፣ እናቴ።"

ዘጋችብኝ። እናቴ ደግሞ! ድምፄ እንደዚያ አርጅቷል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የመሥሪያ ቤታችንን ኮምፒውተሮች የሚጠግነውን ሰው አማከርኩት። ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ነው የምንለው። የማን ውጤት እንዳየሁ አልነገርኩትም።

"ጠንቃቃ ድረገጽ 'ሴኩሪቲ' የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል" አለኝ። "ክፍተት ያገኘ ሰው ለማን እንደሚናገር የተጻፈባት።"

ላቦራቶሪው ላይ ፈለገ። የለም። ገጹ ግርጌ ላይ ግን ድረገጹን የሠራው ድርጅት ስም አለ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል። እሱ አላየውም፤ እኔ አየሁት። እነሱ ጋ ስንፈልግ... አለች! አሥር መስመር አትሞላም። የኢሜይል አድራሻ፤ እስከ መቼ እንደምታገለግል፤ ደንቡ ያለበት ገጽ። ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቅን ልቦና ያሳወቀንን አንከስም። ከሚያስፈልገው በላይ አይክፈቱ። እስክናስተካክለው ክፍተቱን ለሕዝብ አያውጡ።

ሽቦን እጁን በላው። "619ን አንዴ ብቻ ልሞክራት፣ ለማረጋገጥ ያህል..."

"አንሳ እጅህን! የሰው ገመና ነው።"

አነሳ። ለድርጅቱ የጻፍኩትን ደብዳቤ አራት ጊዜ አርሜ ላክሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 8

መልስ መጣ። የጻፈችው ሴት ናት፣ ጨዋ። አመስግናኛለች። ገጹን ለጊዜው ዘግተውታል። ከዚያ ጥያቄ አስከተለች፦ የስንት ሰው ውጤት አዩ? ቁጥሩን ያስታውሳሉ? ላቦራቶሪው ለባለ ውጤቱ መናገር ስላለበት በሚቀጥለው ሳምንት ይደወልለታል።

ይደወልለታል... ይሄንን አላሰብኩትም። አላስታውስም ብልስ? ማን ያውቅብኛል? ግን ይሄ ውሸት ከጋሼ "እንደ ብረት ነህ አሉኝ" በምን ይለያል?

"የአንድ ሰው። 618።" ብዬ መለስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጋሼ መኪና መንዳት የሚያስተምርበት ሜዳ ሄድኩ። ተማሪዋ እስክትመጣ መሪው ጋ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ሁሉንም።

"እና አንብበሽዋል?"

"አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ።"

መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፤ እሱ ግን በሱ በኩል ያለውን የአስተማሪ ፍሬን ረግጦ ይዟል።

"ገመናዬን ገልጠሽ ደግሞ ልትመክሪኝ መጣሽ?"

"ልመክርህ አይደለም። ከባዳ ከምትሰማው ከኔ ስማው ብዬ ነው።"

"ውረጂ።"

ወረድኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

አልደወለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሚስቱ ደወለች። አፍንጫዋ ተዘግቷል፣ ስታለቅስ ውላለች። ትናንት ማታ ራት ላይ ራሱ ነገራት። የደበቀው ፈርቶ ነው... እሱ ግን እኛን ላለማስደንገጥ ነው ይላል። ለሐሙስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛለታለች።

"አንቺም እንድትመጪ ይፈልጋል።"

"እሱ ነው ያለው?"

"'ያቺ ሰላይ ትምጣ' ነው ያለው።"

ሳቅሁ። ከዚያ እኔም አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት ሽቦ የላቦራቶሪውን ገጽ አሳየኝ። እንደገና ተከፍቷል፤ አሁን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ክፍተት ላገኘ ሰው የሚሆን አድራሻም አስቀምጠዋል፣ በሚነበብ ፊደል።

ከሰዓት ሐኪሙ ጋ ወረፋ ይዘን ተቀመጥን፣ ጋሼ በኔና በሚስቱ መሃል። ያመጣሁለትን ውሃ ጠጣልኝ። ስልኩ ጮኸ። ከላቦራቶሪው ናቸው፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ውጤትዎን ሌላ ሰው አይቶብዎታል..."

"አውቃለሁ" አላቸው። "አጠገቤ ተቀምጣለች።"

ተራው ሲጠራ ሦስታችንም ተነሳን። ነርሷ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ብትል "ሁለቱንም አስገቢልኝ" አላት።