የረጅሙ ሌንስ ቀለበት

ኅዳር 8፣ ረፋድ፣ ቡሬ
ዛሬም ነፋስ። እብቁ ከአውድማው እየተነሣ ድንኳናችን ድረስ ይመጣል። ሌንስ ሦስት ጊዜ ለወጥሁ። እንደ ልማዴ፦ ጀርባዬን ለነፋስ፣ ነጠላዬን ከላይ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት። ረጅሙ ሌንስ የሌላ አገር ሥራ ነውና በቀጥታ አይገጥምም፤ መካከል የናስ ቀለበት ይገባል። ቀለበቱን አስቀድሜ ከሌንሱ አጋጥማለሁ። ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ አድርጌ ካሜራው ላይ እስኪቆም አዞራለሁ። ስፈታም አብሬ። ከባዱ ሌንሱ ነው፤ የምደግፈውም እሱን። በመጀመሪያው ወር ግማሽ ዙር አጉድዬ የሩቁ ሰው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። ፎቶ አንሺው ጣሊያን፣ ሲኞር፣ ሰደበኝ። እሱ የሚያነጣጥረው በሌንሱ ሳይሆን ካሜራው አናት ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ነው፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ።

ዛሬ ግን አመሰገነኝ። መጽሐፍ በቆዳ ስደጉስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጣቴ አይንቀጠቀጥም። አንቺ ደብተር፣ ላንቺ አልዋሽም፤ የጣሊያን ምስጋና ደስ አለኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ማንኩሳ
ንግሥ። ሲኞር ሰው መካከል አልገባም፤ ጉብታው ላይ ቀረ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ረጅሙን አለኝ፣ ገጠምሁለት። አቧራ የለ፣ ጭረት የለ። ታቦቱን ፎቶ የሚያነሣ መስሎኝ።

ጋሼ ይርዳው ዋርካው ሥር ቆመዋል። የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን፣ ናቸው። ለአርበኞች እህል እንደሚልኩ እኛ እናውቃለን። ጣሊያን ስማቸውን ሰምቷል፤ መልካቸውን አያውቅም።

ኅዳር 15፣ ቡሬ
የሚካኤሉን ፊልም አጠብሁ፣ አደረቅሁ። ጥርት ብሏል። ጋሼ ይርዳው ጋቢ ላይ የተጣፈችው እራፊ ሳትቀር ትታያለች። የሲኞር አስተርጓሚ ይኼ ማነው አለኝ። አላውቅም አልሁ። ሰው ሊጠይቅ ፎቶግራፉን ይዞ ገበያ ወጣ። መንጠቅ ነበረብኝ። መቅደድ። እኔ ያጠብሁበትን ውኃ ልደፋ ወጣሁ።

ኅዳር 17
ጋሼ ይርዳውን ወሰዷቸው። ከአውድማቸው ላይ። በሬዎቹ ነጂ ሳይኖራቸው ጤፉን እየዞሩ ቀሩ አሉ። ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተሰማ። ሲኞር ሌንሱን ወልውል አለኝ። ወለወልሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ኅዳር 21፣ ማርያም
ማኅበሩን የመደገስ ተራዬ ነበር። ጽዋው ከጥቅምት ማርያም ጀምሮ እኔ ቤት ነው። ባለቤቴ ጥሩነሽ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ጠበቅን። ከማኅበሩ አንድ ሰው አልመጣም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ ደጅ ቆሙ። ይግቡ አልኋቸው። አልገቡም።

«ጽዋውን አምጣ ብለውኝ ነው ልጄ። እኔ መልእክተኛ ነኝ።»

ሰው አልጠቆምሁም አባ፣ አልሁ።

«አንተማ አልጠቆምህ። ዓይኑን አጥርቶ የሰጣቸው ግን ማነው?»

ጥሩነሽ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። ጠላው ጋኑን እንደሞላ አለ።

ተናደድሁ። እነሱስ? ለጣሊያን መንገድ ይቆፍሩለት የለም? በቅሎ ያከራዩት የለም? ኃጢአቱ የኔ ብቻ ሆነ? ከዚያ ጋሼ ይርዳው ሁልጊዜ የሚቀመጡባት፣ ምሰሶው ሥር ያለችው ቦታ ታየችኝ። ቁጣዬን የማደርግበት አጣሁ።

ኅዳር 23
ሲኞር ነገ ወደ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ይነሣል። ከነገ ወዲያ ተዝካር አለ፤ ከጫካ አርበኛ ይወርዳል ብሎታል አስተርጓሚው። ከማዶ ሸንተረር ሊያነሣቸው ነው። ረጅሙን አዘጋጅ አለኝ።

ልጥፋ? ጥሩነሽን ይይዟታል። ሌንሱን ልስበረው? እኔን ይሰቅሉና ሌላ ሌንስ ያስመጣሉ፤ ሌላ እጅም አያጡ።  ጥሩነሽ ምሳ ስታቀርብ፣ በዚህ እጅህ ምን ልትሠራ ነው፣ አለችኝ። እንጀራውን መቁረስ አቃተኝ።

ኅዳር 25፣ ረፋድ፣ ከገበዝ ማርያም ማዶ
በቅሎዎቹ ተራግፈዋል። ሰው እየተሰበሰበ ነው፤ የነጠላው ንጣት እዚህ ድረስ ይታያል። ጀርባዬን ለነፋስ ሰጠሁ። ነጠላዬን ከላይ። የካሜራው አፍ ወደ መሬት። ቀለበቱን ከሌንሱ፣ ሁለቱን ከካሜራው። እስኪቆም አዞርሁ። ከዚያ ግማሽ ዙር መለስሁት።

ሲኞር በትንሿ መስኮት አይቶ ብራቮ አለኝ። እያነሣ ነው። አንድም ሳይቀር ያንሣቸው።

ፊልሙ የሚታጠበው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጥሩነሽን እንደተመለስሁ ወደ እናቷ አገር እሸኛለሁ። እኔ አልሄድም። ውኃው ውስጥ አንድም መልክ ሳይወጣ ሲቀር በዓይኔ ማየት አለብኝ።