የወይዘሮ ማያን የናስ ምስል በአደራ የጠበቁት ወይዘሮ ሰገነት ዓለሙ (1946–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሰገነት ዓለሙ ከአባታቸው ከአቶ ዓለሙ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌ ወልደየስ በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። በዘመኑ በወረደው መከራ ታላቅ ወንድማቸው ስለተገደሉ፣ በ1971 ዓ.ም. በእግር ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ካርቱም ላይ ከአቶ ደግነት በየነ ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1975 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላንድ ገቡ፤ እዚህም ልጃቸውን ማቲዎስን ወለዱ።

አቶ ደግነት ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልሱ የትራክ ሾፌር ነበሩ። ወይዘሮ ሰገነትም ዳውንታውን በሚገኝ ሆቴል በላውንደሪ ክፍል ሠርተዋል። በ1992 ዓ.ም. አቶ ደግነት በድንገት ዐረፉ። ልጃቸውም ትምህርቱን ጨርሶ ለሥራ ወደ ዳላስ ሄደ። ሲደውሉለት “ማም፣ ሚቲንግ ላይ ነኝ፤ ኮል አደርግልሻለሁ” ይላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ስልኩን ከአጠገባቸው ሳያርቁ ያመሹ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ሳን ሆዜ በሚኖሩ፣ ወይዘሮ ማያ በተባሉ ኔፓላዊት አረጋዊት ቤት የአስታማሚነት ሥራ ጀመሩ። ወይዘሮ ማያ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነበሩ፤ ከባለቤታቸው ቤተሰብ የወረሱትን የቡድሃ የናስ ምስል ሳሎናቸው ውስጥ አኑረው ጠዋት ጠዋት በፊቱ ይጸልዩ ነበር። ወይዘሮ ሰገነት ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ፣ ምስሉ የቆሸሸ መስሏቸው፣ ሊያስደስቷቸው ብለው በሎሚና በጨው እስኪያብለጨልጭ ፈተጉት። ፊቱ ላይ የተቀባው ወርቅ ከጉንጩ ለቀቀ። ወይዘሮ ማያ አይተው አለቀሱ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ወይዘሮ ሰገነት መባረራቸው እንደማይቀር እያሰቡ በማግስቱ ተመለሱ። ወይዘሮ ማያ ግን እጃቸውን ይዘው ለስላሳ ብሩሽ አስጨበጧቸው። ናሱ በደረቁ እንደሚጠረግ፣ በልብሱ እጥፋት የገባው አቧራ በብሩሹ ጫፍ እንደሚወጣ፣ ላብ ያለበት እጅ እንዳይነካው፣ ከሥሩም ጸሎት ተጽፎ የታሸገበት የመዳብ ክዳን ፈጽሞ እንዳይከፈት አስተማሯቸው። ፊቱን ግን ወይዘሮ ማያ ራሳቸው ብቻ ይጠርጉ ነበር። ከዓመታት በኋላ የወይዘሮ ማያ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ብሩሹን ሰጥተዋቸው “ናው ፌስ፣ ዩ” አሏቸው፤ ከእንግዲህ ፊቱንም አንቺ ጥረጊው ማለታቸው ነበር።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። “ጣዖት ታጥባለች” ተባለ። የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ወልደ ሚካኤል አስጠርተዋቸው “ሰግደሻል ወይ?” ሲሉ ጠየቋቸው። “አልሰገድኩም አባ። የታመመ ሰው አደራ ነው የምጠርገው” አሉ። ቀሲስም “እንግዲያው አደራሽን ጠብቂ” ብለው መስቀል አሳለሟቸው። የጽዋ ማኅበሩ ግን የእርሳቸው ተራ ሲደርስ በዝምታ አለፈው። ወይዘሮ ሰገነት ለማንም ቅሬታ አላሰሙም፤ ቅዳሴ አስቀድሰው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ማያ ሲሞቱ፣ ሩቅ የሚኖረው ልጃቸው መጥቶ እስኪወስደው ምስሉን እንዲያቆዩለት ወይዘሮ ሰገነትን ለመናቸው። ኦክላንድ ወዳለው አፓርታማቸው አመጡት። ብዙም ሳይቆይ የኮሮና ወረርሽኝ ገባ፤ በራቸውን የሚያንኳኳ ጠፋ። ጠዋት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ጸልየው ሲጨርሱ፣ ወደ ሌላው ግድግዳ ዞረው የወይዘሮ ማያን ምስል ይጠርጉ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የወይዘሮ ማያ ልጅ ከሴት ልጁ ጋር መጣ። ወይዘሮ ሰገነት ለልጅቷ አጠራረጉን አሳዩ፤ ምስሉን በብርድ ልብስ ጠቅልለውም እስከ መኪናው ሸኙት። በዚያው ዕለት ሬድውድ ሲቲ ለምትኖረው የእህታቸው ልጅ ለሊሊ ደውለው “ሊሊዬ፣ ቤቱ ሰፋብኝ” አሉ። 

ከዚያ በኋላ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጃቸው ማቲዎስ ሥራውን ትቶ ከአልጋቸው አጠገብ አልተለየም። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ሰገነት አንድ ወንድ ልጅና ይህን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈችውን የእህታቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል። ብቻቸውን የኖሩባቸውን ዓመታት የሚያውቅ አምላክ፣ ነፍሳቸውን በቅዱሳን ጉባኤ መካከል ያኑርልን። አሜን።