ያልፈረምኩበት ቅንብር

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ግድግዳ የምትጋሪያቸው ጎረቤቶችሽ ሳይቀሩ ደኅና ናቸው? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ጤነኛ ነኝ። የዘንድሮው ሕመሜ ከሰው ነው።

«ጡረታህ ሊደርስ ስምንት ወር ሲቀረው ከአለቃህ ጋር ምን አጣላህ? ይቅርታ ጠይቀው» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ነገሩን ሳትሰሚ ፈረድሽ። አሁን ስሚ።

እኛ ሆስፒታል የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ሕሙማን ክፍል የሚሄደው በመልእክት ወረፋ ነው። ላቦራቶሪው ውጤቱን ወረፋው ላይ ያስቀምጣል፣ የክፍሉ ኮምፒውተር በተራው እያነሳ ያትመዋል። የሚያነሳውን ፕሮግራም ዘንድሮ እንደ አዲስ አስጻፉት። የጻፉት ሰዎች ለዲግሪያቸው መስቀያ ግድግዳ አይበቃቸውም፤ እኔ የኮምፒውተር ጠጋኙ የተማርኩት ሰው ከጣለው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ታዲያ እነዚህ ሊቃውንት፣ ማንም ሳይነካው ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚመጣውን ቅንብር እንዴት ቢያደርጉት ጥሩ ነው? ኮምፒውተሩ መልእክቱን ገና እንዳነሳው «ደርሷል» ተብሎ ከወረፋው ይሰረዛል። ሳይታተም! እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ታትሞ ካላለቀ አይሰረዝ። ያዘገያል አሉኝ። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ እንኳ አይፈጅም። አለቃዬማ «የፈለገ ሰው ይቀይረዋላ፣ ጋሼ» አለኝ። ማን ነው የሚቀይረው? ነርሷ በሽተኛዋን ትታ? ሰው ዕቃን የሚጠቀመው ከካርቶኑ እንዳወጣው ነው። ስለዚህ ከካርቶኑ ሲወጣ ነው ደኅና መሆን ያለበት። ይህን ለመረዳት ዲግሪ ያስፈልጋል እንዳልል፣ ዲግሪማ አላቸው።

ፈተናቸው ደግሞ! በማይጠፋ ኮምፒውተር መቶ መልእክት ልከው መቶ ደረሰ ብለው አጨበጨቡ። እኔ በፊታቸው መቶ ላክሁና፣ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንስቶ እያተመ ሳለ መሐል ላይ ገመዱን ነቀልኩት። የታተመው ሠላሳ ዘጠኝ፣ ወረፋው ባዶ፣ መዝገቡ «ሁሉም ደርሷል» ይላል። አለቃዬ ሳቀ፤ «ኧረ ጋሼ፣ ደግሞ ማን ገመድ ይነቅላል?» አለኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ አልኩት። ለወለል መጥረጊያ ማሽኗ ሌላ ሶኬት ስለሌላት ጠዋት ጠዋት የሕሙማን ክፍሉን ኮምፒውተር ነቅላ የራሷን ትሰካለች። ስድስት ዓመት አይቻታለሁ። እነሱ ያንን ክፍል ረግጠውት አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሙ በአንድ ክፍል ለሙከራ ሲሠራ፣ ብዙ ደም የፈሰሳት የአንዲት አራስ ውጤት በዚሁ መንገድ ጠፋ። ነርሷ ቢቸግራት በእግሯ ላቦራቶሪ ወርዳ አመጣችው። ይህን ለአለቃዬ ስነግረው «ተገኘ አይደል?» አለኝ። የነርሷን እግር ከፕሮግራሙ ጋር ደምሮ ቆጥሮታል ማለት ነው።

ሰኞ በሁሉም ክፍል ይጀመራል። «ተፈትኖ ጸድቋል» በሚለው ወረቀት ላይ የኔ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እስከ ዓርብ ካልፈረሙ ይሰናበቱ ብሎኛል። ወረቀቱን ዛሬ መለስኩለት። በፊርማው ቦታ «ታትሞ ሳያልቅ ይሰርዛል» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ግልባጩን ለየክፍሉ ነርሶች በእጄ አድያለሁ። ይቅርታውን እሱ ከአራሷ ይጠይቅ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺ፣ በዳማ አሁንም አልምረውም። ትልቋን ልጅሽን፣ መንትዮቹን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ለእኔም ከዓርብ በኋላ አንድ አልጋ አሰናጂ፤ ሻንጣዬ አንድ ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ረቡዕ፣ የካቲት ፲፩